ለማዳም እውነቱን እንዴት እንንገራት?

ማዳም በሥራሽ ላይ ያላትን አስተያየት ለመናገር ቀጠሮ አትይዝም። ጨው በዛ፣ መስታወቱ መስመር አለው፣ ሸሚዙ አልተተኮሰም... በቀን አሥር ጊዜ ትሰሚያለሽ። አንቺ ስለ እሷ አለቅነት የምታስቢው ግን ሆድሽ ውስጥ ይቀራል። ቤቱ'ኮ የሥራ ቦታ ነው፤ እሷም አለቃ ናት።

«ሴት አይደለች እንዴ፣ እንዴት አይገባትም?» እንላለን። ሴት መሆን ብቻውን አያግባባም፣ እኔ እንደዚያ ነው የማየው። ደግሞ እሷም ሁሉን አትወስንም። ከፊልሽ ባልየው ሊሆን ይችላል፣ ደመወዙም ከእሱ እጅ ይወጣል። ቢሆንም ጥያቄሽ በእሷ በኩል ይሂድ፤ ከባልየው ጋር ብቻሽን ሆነሽ አትነጋገሪ።

እንግዳ ባለበት፣ ልጆቹ ፊት ወይም በረመዳን ከማፍጠሪያ በፊት አይሞከርም። ጠዋት ቡናዋን ስትጠጣ «ማዳም፣ ሙምኪን ደቂቃ?» በያት። አንድ ጉዳይ ብቻ አንሺ። «ጨካኝ ነሽ» ካልሻት ወሬው ስለ ጠባይዋ ይሆንና ያልቃል። የሆነውን ንገሪያት፦ «ሌሊት 2 ሰዓት ተኛሁ፣ 6 ሰዓት ተነሣሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልረፍ?» (ሰዓቱ በእነሱ አቆጣጠር ነው። በእኛ 8 ሰዓት ብትያት የማታው 8 ይመስላትና «ታዲያ በጊዜ ተኝተሻል» ትልሻለች።)

ክሎሮክስን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ደባልቂ ካለችሽ ግን አመቺ ሰዓት አትጠብቂ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። «ለልጆቹም አደጋ ነው» በያት፤ ለአንቺ ባትሰማ ለልጆቿ ትሰማለች። ተደባልቆ ከሆነ ጥለሽው ወደ ንጹሕ አየር ውጪ።

ስትናገሪ ሕጉ ከጀርባሽ መኖሩን እወቂ። የኩዌት ሕግ ቁጥር 68 (እ.ኤ.አ. 2015) የቀን ሥራ ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ የኳታሩ ሕግ ቁጥር 15 (2017) በመደበኛው 10 ሰዓት። ሁለቱም የሳምንት ዕረፍት ይሰጣሉ። ሊባኖስ ያለሽ ግን የ1946ቱ የሥራ ሕግ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን አውጥቷታል፣ መያዣሽ የፈረምሽው ውል ነው።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ከምትሰማ ማዳም ጋር ነው። የምትመታሽ፣ የምትቆልፍብሽ ወይም ደመወዝ የምትከለክልሽ ከሆነ ምክር አትስጫት። ያልተከፈለሽን ወር በቀኑ ጻፊ፣ የውልሽንና የኢቃማሽን ፎቶ ለምታምኛት ጓደኛ ላኪ፣ የቆንስላውን ስልክ ከሞባይልሽ ሌላ ወረቀት ላይም ያዢ። ሞባይሉን ሊቀሙሽ ይችላሉ።