የቫን ደ ፌልደ ብዕርና የባሕር ኃይል

የባሕርን ሥዕል የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማዕበሉንና ደመናውን አድንቆ ያልፋል፤ ነገር ግን የሆላንድ ሠዓልያን በ17ኛው ምእት ዓመት የሳሉት መርከብ፥ ከነሸራው፥ ከነገመዱና ከነሰንደቁ፥ ስለ ንግድና ስለ ጦር የቆመ ምስክር ነው። በ1602 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ቅመሙን ከእስያ ያመጣ በነበረበት ዘመን የአገሪቱ ብልጽግና በባሕር ላይ ተመሥርቶ ስለ ነበረ፥ ነጋዴውም የመርከብ አዛዡም መርከብን በግድግዳው ሰቅሎ ለማየት ይሻ ነበር።

ከእነዚህ ሠዓልያን ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው በ1611 በላይደን የተወለደውን ቪለም ቫን ደ ፌልደን፥ አባትየውን ነው። ይህ ሰው ውጊያ በሆነ ጊዜ በትንሽ ጀልባ ከመርከቦቹ መካከል እየገባ፥ መድፍ በሚያጓራበት ሥፍራ ያየውን ሁሉ በወረቀት ይነድፍ ነበር፤ በ1653 የሆላንዱ አድሚራል ማርቲን ትሮምፕ የወደቀበትን የስኬቬኒንገንን ውጊያ በ1655 በታላቅ ሥዕል ሲያወጣው፥ ራሱንም በጀልባው ተቀምጦ ሲነድፍ ከፊት አግብቶታል።

በእንግሊዝ አገር በግሪኒች ሙዚየም ከዚህ ሥዕል ፊት ቆሜ ሳለሁ፥ አጠገቤ የነበረ ጎብኚ «ይህ የታተመ ነው» ብሎ ሲያልፍ ሰማሁ። እንዲህ ያለው ችኮላ ያሳዝነኛል። የታተመ ሥዕል ከመዳብ ሠሌዳ ተጨምቆ በብዙ ቅጂ የሚወጣ ነው፤ ይህ ግን ሠዓሊው ነጭ ቀለም ተለቅልቆ በደረቀ ገበታ ላይ፥ ጸሓፊ ብራናውን እንደሚጽፍ፥ በብዕርና በጥቁር ቀለም ጭረት በጭረት የሠራው አንድና ብቸኛ ሥራ ነው። ጥላው ራሱ የጭረት መደራረብ ነውና፥ የምሰሶውን ገመድ በዐይኑ ተከትሎ እስከ ጫፉ ያልወጣ ሰው ሥዕሉን አየሁ ሊል አይገባውም።

ልጁም ቪለም ይባላል፤ እርሱ የዘይት ቀለም ጌታ ነው። በ1672 ሆላንድ በጦርነት ተወርራ የሥዕል ገበያዋ በወደቀ ጊዜ፥ አባትና ልጅ ሆላንድን ይወጋ ወደ ነበረው ወደ እንግሊዝ ንጉሥ ወደ ዳግማዊ ቻርልስ ተሻገሩ፤ ንጉሡም በ1674 ለአባት የባሕር ውጊያን ስለ መንደፉ፥ ለልጅ ንድፉን በቀለም ስለ ማውጣቱ፥ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 100 ፓውንድ ቈረጠላቸው። የባሕር ኃይሉን ሊያገን የሚወድ መንግሥት ከመድፉ ጋራ ሠዓሊም እንደሚያሻው ያውቅ ነበርና።

ወደ ግሪኒች የምትሄድ አንባቢ ሆይ፥ ከቀለሙ ሥዕል አስቀድመህ የአባትየውን ብዕር ተመልከት፤ ቀርበህም ተመልከት።