ለዛቢያ የሚሆን መጠምጠሚያ ስለ መምረጥ

በከሚሴና በአካባቢው የእርሻና የግንባታ መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ገዢው መጀመሪያ የሚመረምረው ብረቱን ነው። ስለቱን በአውራ ጣቱ ይሞክራል፤ ብረቱን በድንጋይ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። ዛቢያውን ግን ቀጥ ያለ መሆኑን ብቻ አይቶ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ ከእጅ ጋር የሚውለው ብረቱ ሳይሆን ዛቢያው ስለሆነ፤ እጅን የሚልጠውም የሚያሳርፈውም እርሱ ነው። በላብ የራሰ ዛቢያ ከእጅ ያመለጠ እንደሆነ፤ መጥረቢያው የሚያርፈው በግንዱ ላይ መሆኑ ቀርቶ በእግር ላይ ወይም በአጠገብ በቆመው ሰው ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛቢያ በምን ቢጠመጠም እንደሚሻል ማወቅ ለገዢውም ለሻጩም የሚጠቅም ነገር ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ አጥብቀው ከሚመረምሩት ሰዎች መካከል በረዶ የለበሰ ተራራ የሚወጡት ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች በሁለት እጃቸው ትናንሽ ዶማ የሚመስሉ መሣሪያዎች ይዘው፤ ጫፋቸውን በበረዶው ግድግዳ ላይ እየቸከሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። ዘንጉ ብዙውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስለሆነ እጅን ያቀዘቅዛል፤ ሲረጥብም ያሟልጫል። ስለዚህ የሚጨበጠውን ክፍል በጎማ ቴፕ ይጠመጥሙታል። ውኃ የሚጠጣ ጨርቅ ግን ሲቀዘቅዝ ወደ በረዶነት ስለሚለወጥ አይስማማቸውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከፍተኛው ተራራ ራስ ዳሸን 4,533 ሜትር ከፍታ ቢኖረውም ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ የበረዶ ግግር የለበትም። ከሚሴም በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ከ1,500 ሜትር በታች የምትገኝ ከተማ ስለሆነች፤ የሠራተኛዋ ችግር ብርድ ሳይሆን ሙቀትና ላብ ነው። ቢሆንም መጠምጠሚያን የሚመርጥ ሰው የሚጠይቀው በሁለቱም ስፍራ ያው ሦስት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፦ እጅ ሲረጥብ ይይዛል ወይ? ዛቢያውን ከልክ በላይ አያወፍርም ወይ? የአገሩን አየር ይችላል ወይ? የሚሉት ናቸው።

በገበያ ላይ የሚገኙት የመጠምጠሚያ ዓይነቶች በእነዚህ ጥያቄዎች ሲመዘኑ ጠባያቸው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ጠፍር። ከሁሉ የቀደመው መጠምጠሚያ ያልለፋ ቆዳ ነው። ጠፍር በውኃ ርሶ ሳለ ይጠመጠማል፤ ሲደርቅም ይኮማተርና እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል። በዚህ ጠባዩ ምክንያት የላላን ነገር ለማሰር ወደር የለውም። ነገር ግን በዝናብና በረግረግ ስፍራ ተመልሶ ይለሰልሳል፤ ይላላል። በጨፋ ረግረግ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ጠፍር የሚመከር አይደለም። በደረቅ ጊዜም ጠርዙ ጠንክሮ መዳፍን ይልጣል። ለእጅ ከሆነ የለፋ ቆዳ ይሻላል፤ ላብንም ይችላል።

2ኛ/ የኤሌክትሪክ ናስትሮ። በየሱቁ ስለሚገኝና ዋጋው ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው የሚገዛው ይህንኑ ነው። ዳሩ ግን ናስትሮ የተሠራው የኤሌክትሪክ ሽቦ ለመሸፈን እንጂ በእጅ ለመጨበጥ አይደለም። ፊቱ ለስላሳ ስለሆነ ላብ ሲነካው ያሟልጫል። ሙጫውም በፀሐይ ይለሰልስና ናስትሮው ከቦታው ይንሸራተታል፤ እጅንም ያጣብቃል። ተስቦ የተጠመጠመ እንደሆነ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ልኩ ስለሚመለስ ጫፉ ይነሣል። ናስትሮ የሌላውን መጠምጠሚያ ጫፍ ለመያዝ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን ለቆላ ሠራተኛ አይሆንም።

3ኛ/ የጨርቅ ፕላስተር። ላብን ስለሚጠጣ ለእጅ ይመቻል፤ ስስ በመሆኑም ዛቢያውን አያወፍርም። ጉድለቱ እርጥበትን ይዞ መቆየቱ ነው፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፤ ብረትም ከሆነ ይዝጋል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እንዲለወጥ ታስቦ የሚገዛ ነው። ለማጭድ እጀታ ግን ይስማማዋል፤ የአጨዳ ወራት አጭርና ደረቅ ነውና።

4ኛ/ ከመነዳሪ። ከጎሚስታ ዘንድ የሚገኝ ያረጀ የመኪና ከመነዳሪ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጠፍጣፋ ገመድ ዓይነት ተቆርጦ ሲጠመጠም፤ በዋጋ ከሁሉ የረከሰ፤ በአገልግሎትም ከብዙዎቹ የበለጠ ይሆናል። በላብም በዝናብም ይይዛል፤ ሲመታም ንዝረቱን ያበርዳል። ከመጠምጠሙ በፊት በውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት በሳሙና መታጠብ አለበት፤ አለዚያ ይንሸራተታል። ዘይትና ቤንዚን ግን ጎማን ያሳብጡታል፤ ስለዚህ ለመካኒክ ቤት መሣሪያ አይመረጥም።

5ኛ/ በራሱ ላይ የሚጣበቅ የጎማ ቴፕ። ይህ ሙጫ የሌለው ሲሆን፤ ተስቦ ሲጠመጠም አንዱ ዙር ከሌላው ጋር ተዋሕዶ አንድ ወጥ ጎማ ይሆናል። እጅን አያጣብቅም፤ ሲለወጥም በቢላዋ ተሰንጥቆ ይወጣል እንጂ እድፍ አይተውም። በዋጋው ከናስትሮ ይወደዳል፤ ስለታም ነገር ሲነካውም በቀላሉ ይቀደዳል። ለብረት ቱቦ እጀታ በጣም የሚስማማ ነው።

ዓይነቱ ከታወቀ በኋላ ውፍረቱ መታሰብ አለበት። አጥብቆ ለሚጨበጥ መሣሪያ የሚመከረው የእጀታ ውፍረት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የ2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ከመነዳሪ ግማሽ በግማሽ እየተደራረበ ቢጠመጠም፤ በየጎኑ 4 ሚሊ ሜትር፤ በጠቅላላው 8 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። አስቀድሞ 4 ሳንቲ ሜትር ተኩል የነበረው ዛቢያ በዚህ ምክንያት ከልኩ ያልፋል፤ ጣቶችም በሙሉ ሳይዞሩበት ይቀራሉ። ሠራተኛውም እንዳያመልጠው ከመጠን በላይ ስለሚጨብጥ ክንዱ ቶሎ ይዝላል። እንግዲህ ለወፍራም ዛቢያ ስስ መጠምጠሚያ፤ ለቀጭን ዛቢያ ወፍራም መጠምጠሚያ መምረጥ ይገባል።

እንደዚሁም የሚጠመጠመው ክፍል እንደ መሣሪያው ይለያያል። መጥረቢያ በሚቆረጥበት ጊዜ አንደኛው እጅ ከላይ ወደ ታች ስለሚንሸራተት፤ የዛቢያው መካከል ለስላሳ እንጨት ሆኖ መቅረት አለበት። የሚጠመጠመው ታችኛው እጅ የሚይዘው ክፍል ብቻ ነው። መካከሉም የተጠመጠመ እንደሆነ የሚንሸራተተው እጅ ይያዛል፤ መዳፉም ውኃ ይቋጥራል። ዲጂኖ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ብረት ስለሆነ በፀሐይ ይግላል፤ ጎማም ሙቀቱን ቶሎ ወደ እጅ ስለማያሳልፍ ለእርሱ ከመነዳሪ ይስማማዋል። ነገር ግን በጎማ የተጠመጠመ ዲጂኖ ከኤሌክትሪክ ይጠብቃል ማለት እንዳልሆነ ሻጩ ለገዢው ቢነግረው መልካም ነው። በመሬት ውስጥ የተቀበረ የኤሌክትሪክ መስመር ባለበት ስፍራ በዚህ ተማምኖ መቆፈር ለሞት ያደርሳል።

አጠማጠሙም ሥርዓት አለው። ዛቢያው ከቅባትና ከአቧራ ጸድቶ መድረቅ አለበት። መጠምጠም የሚጀመረውም ከታችኛው ጫፍ ሲሆን፤ ወደ ብረቱ እያቀኑ እያንዳንዱን ዙር በፊተኛው ላይ እስከ ግማሽ ማሳረፍ ነው። የሣር ቤት ሲከደን ከታች ተጀምሮ ላይኛው በታችኛው ላይ እንዲያርፍ እንደሚደረግ ማለት ነው። እጅ ወደ ታች ሲንሸራተት የመጠምጠሚያው ጠርዝ የማይገለበጠው በዚህ ዘዴ ነው። የመጨረሻው ዙር ሳይሳብ ይጠመጠምና ጫፉ በሥሩ ገብቶ ይጠብቃል።

ነጋዴው ለአንድ ዛቢያ ምን ያህል እንደሚበቃ አስቀድሞ ማስላት ይችላል። ዙሪያው 11 ሳንቲ ሜትር በሆነ ዛቢያ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ለመጠምጠም፤ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ፕላስተር 24 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም 2 ሜትር ከ64 ሳንቲ ሜትር ነው። ለጫፎቹ ጥቂት ተጨምሮበት 3 ሜትር ቢባል፤ የ10 ሜትር ጥቅል ለሦስት ዛቢያ ይበቃል። ገዢው አንድ ጥቅል ሙሉ መግዛት የማይችል እንደሆነ በሜትር ቆርጦ መሸጥ ለሁለቱም ወገን ይስማማል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ አለ። መጠምጠሚያ ዛቢያን ያለብሳል እንጂ አይጠግንም። የተሰነጠቀ፤ በነቀዝ የተበላ ወይም ብረቱ የላላበት ዛቢያ በአዲስ ጎማ ቢሸፈን ለዓይን ያምራል፤ በሥራ ላይ ግን በድንገት ይሰበራል። ከዚህም የከፋው ነገር፤ ስንጥቁ ተሸፍኖ ስለሚቆይ ገበሬው አስቀድሞ አይቶ ሊጠነቀቅ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ዛቢያ በሱቅ ውስጥ ራቁቱን ቢቀመጥና ገዢው አገላብጦ ካየው በኋላ በፊቱ ቢጠመጠምለት ይመረጣል። ቀድሞ የተጠመጠመ መሣሪያ የሚገዛ ሰውም፤ ተፈትቶ እንዲታይለት ቢጠይቅ ሊነቀፍ አይገባም።

የሰንበቴ ገበያ እሑድ፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ይውላል። በእነዚህ ገበያዎች የአገሩ ገበሬና የአፋር ከብት አርቢ፤ የደጋውም ሰው በየሳምንቱ ይገናኛል። የአንዱ ዛቢያ በእጁ ላይ የተሰበረ እንደሆነ ወሬው በሚቀጥለው ሳምንት ከሻጩ ስም ጋር ይመጣል። አማና በሚከበርበት ገበያ አንድ ሜትር ጎማ በሸፈነው ስንጥቅ የተገኘ ትርፍ፤ የዓመት ደንበኛን ያሳጣል። አሁን የማሽላ አጨዳ ሳይደርስ ማጭድና መጥረቢያ የሚያከማች ነጋዴ፤ ከብረቱ ጋር ጥቂት የጨርቅ ፕላስተርና የታጠበ ከመነዳሪ አዘጋጅቶ፤ ለእያንዳንዱ ገዢ እንደ ሥራውና እንደ እጁ መርጦ ቢሸጥለት፤ ዕቃውም ይሸጣል፤ ደንበኛውም እጁ ደኅና ሆኖ ይመለሳል።