ወደ ባቱ የወይን እርሻ የሚደረግ ጉብኝት፦ በአነስተኛ ቡድን ወይስ በግል?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በባቱ (ዝዋይ) ከተማ ያለውን የካስቴል የወይን እርሻና ፋብሪካ ለመጎብኘት የሚፈልጉ ዜጎች ከአነስተኛ ቡድን ጋር ሊጓዙ ወይም መኪና ለብቻቸው ሊከራዩ ይችላሉ።

አንድ ሰው ቢሳፈርም አራት ቢሳፈሩም የመኪናው ኪራይ ያው ነው። ስለሆነም ለአንድ ወይም ለሁለት ተጓዥ የቡድን ጉዞ ወጪን ይቀንሳል፤ አራት ሆኖ ለሚጓዝ ቤተሰብ ግን የግሉ ጉዞ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ብዙም ላይበልጥ ይችላል።

ልዩነቱ ከዋጋ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በሰዓት አጠቃቀም ነው። የቡድን ጉዞ በተያዘለት ሰዓት ሄዶ በሰዓቱ ይመለሳል። ከወይን እርሻው ሌላ በዝዋይ ሐይቅ ወደሚገኘው ቱሉ ጉዶ ደሴት ተሻግሮ የደብረ ጽዮንን ገዳም ለመሳለም ያሰበ ሰው፣ የጀልባው መንገድ ረጅም በመሆኑ፣ ለዚህ የሚበቃ ጊዜ በቡድን መርሐ ግብር ውስጥ ማግኘቱ ያጠራጥራል። አረጋውያንን ይዞ ለሚሄድም የግል ጉዞ ይሻላል።

በራሳቸው መኪና የሚሄዱ ወገኖች ግን፣ የወይን ጠጅ የቀመሰ ሰው መሪ መያዝ የለበትምና፣ ከቅምሻው የሚታቀብ አሽከርካሪ አስቀድመው ሊወስኑ ይገባል። ወጣቶችን ይዘው የሚጓዙም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች የአልኮል መጠጥ መሸጥን እንደሚከለክል ሊያውቁ ይገባል።

ቅድሚያ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የአስጎብኚ ድርጅቱን ፈቃድ መመልከት፣ እርሻው በዕለቱ ጎብኚ የሚቀበል መሆኑን ማረጋገጥ፣ እንዲሁም ነዳጅ፣ የአሽከርካሪ አበል፣ የቅምሻና የምሳ ሒሳብ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተታቸውን በጽሑፍ ማስፈር ያስፈልጋል።