ስፖርተኛው የማይናገረው ሕመም

አካላዊ እንቅስቃሴ ድብርትን እንደሚያቀልል በተደጋጋሚ የተረጋገጠ በመሆኑ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ የሚሮጥ ወይም የሚዋኝ የኮሌጅ ስፖርተኛ ከአእምሮ ሕመም የተጠበቀ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ግን፣ በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛ እርከን ከሚወዳደሩ 465 ተማሪዎች መካከል 23.7 በመቶ የሚሆኑት ትኩረት የሚሻ የድብርት ምልክት የታየባቸው ሲሆን፣ በሴቶቹ ዘንድ አሃዙ 28.1 በመቶ ደርሷል። በመጠይቅ የተገኘ ምልክት በሐኪም ከተረጋገጠ ሕመም ጋር አንድ ባይሆንም፣ ከአራት ስፖርተኞች አንዱን ገደማ የሚነካ ችግር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

አንዱ ምክንያት የልምምዱ መጠን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዊሊያም ሞርጋንና ባልደረቦቹ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ዋናተኞችን ለአሥር ዓመት ያህል ተከታትለው በ1987 እንዳሳተሙት፣ ልምምዱ በከበደ ቁጥር የዋናተኞቹ ስሜት እየከፋ ይሄድና ልምምዱ ሲቀነስ መልሶ ይሻሻል ነበር። ዕረፍት ተወስዶም ብቃት የማይመለስበት፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ስሜት አብረው የሚዛቡበት ደረጃ ከልክ ያለፈ ልምምድ የሚያስከትለው ሕመም ይባላል፤ ምልክቶቹም ከድብርት ጋር እጅግ ስለሚመሳሰሉ ሁለቱን መለየት ለሐኪም ጭምር አስቸጋሪ ነው።

ዕረፍት የሚጠፋበት ቀዳዳ በደንቡ ውስጥም ይገኛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር፣ በምሕጻሩ ኤንሲኤኤ፣ በውድድር ወቅት የስፖርት ሥራ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ ቢደነግግም፣ የውድድር ቀን የቱንም ያህል ቢረዝም የሚቆጠረው እንደ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ጉዞና የጉዳት ሕክምና ደግሞ ከነጭራሹ አይቆጠሩም። ስለዚህ ማታ ሌላ ከተማ ተጫውቶ ሌሊቱን በአውቶቡስ ያሳለፈ ተማሪ፣ በማግስቱ ጠዋት ለፈተና ሲቀመጥ፣ መዝገቡ ላይ የሚታየው ሦስት ሰዓት ነው። በዚህ መካከል ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው እንቅልፍ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 11 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ለሳምንታት በየሌሊቱ 10 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ፍጥነታቸውና ኳስ የማስቆጠር ብቃታቸው ከስሜታቸው ጋር አብሮ መሻሻሉ በ2011 ተዘግቧል፤ ጥናቱ አነስተኛ ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው።

ድካም ብቻውን ግን ሁሉንም አያስረዳም። ብሪተን ብሩወርና ባልደረቦቹ በ1993 መለኪያ ያዘጋጁለት ስፖርታዊ ማንነት የተሰኘው ጽንሰ ሐሳብ፣ አንድ ሰው ራሱን ምን ያህል በስፖርተኛነቱ እንደሚገልጽ ያመለክታል። ይህ ማንነት ለልምምድ ያተጋል፤ ሆኖም የጉልበት ጅማት ተበጥሶ ለወራት ከሜዳ ሲያርቅ፣ ስፖርተኛው ጨዋታውን፣ የቡድን ጓደኞቹን፣ የውሎውን ሥርዓትና ማንነቱን በአንድ ጊዜ ያጣል። ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚታጠፍ በየሳምንቱ ይለካለታል፤ እንዴት እያደረ እንደሆነ የሚጠይቀው ግን ብዙ ጊዜ አይኖርም።

ከሁሉም የሚከብደው ዝምታው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሕመምን ችሎ እንዲያልፍ የሠለጠነ ወጣት፣ የአእምሮ ሕመሙንም በዚያው ልማድ ችሎ ለማለፍ ስለሚሞክር፣ ያሸነፈበት ችሎታ ራሱ ከሕክምና ያርቀዋል። ከ2002 እስከ 2022 በኤንሲኤኤ ስፖርተኞች ላይ የደረሱ 1,102 ሞቶችን የመረመረ ጥናት 128ቱ ራስን በማጥፋት የደረሱ መሆናቸውን ሲያሳይ፣ ድርሻው በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ከነበረበት 7.6 በመቶ በኋለኞቹ ወደ 15.3 በመቶ አድጓል። ስለዚህ ስፖርተኛው ራሱ እስኪናገር መጠበቅ አደገኛ ነው።

በዚህ ምክንያት የማኅበሩ መመሪያ ሁሉም ስፖርተኞች ስለ አእምሮ ጤናቸው በየጊዜው እንዲጠየቁ ያሳስባል፤ ሁሉም ሲጠየቅ ማንም ተለይቶ አይታይምና። መጠይቁ የሚሠራው ግን መልሱ አሠላለፍ በሚወስነው አሠልጣኝ እጅ ካልገባ፣ ምልክት የታየበትም ተማሪ ለሳምንታት ወረፋ ሳይጠብቅ ባለሙያ ዘንድ ከቀረበ ብቻ ነው። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስለት ተማሪ፣ እውነቱን መናገር ቦታውን የሚያሳጣው ከመሰለው፣ ደኅና ነኝ ብሎ ወረቀቱን ሞልቶ ይመልሳል።