ከጫጫታ መሃል የተለየ ምት

የሬዲዮ ቴሌስኮፑ መመዝገቢያ ወረቀት በቀን 30 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ከካምብሪጅ ከተማ ወጣ ባለ መስክ ላይ፣ ከ2,000 በላይ አንቴናዎች በተተከሉበት ጣቢያ፣ የዶክትሬት ተማሪዋ ጆስሊን ቤል ብዕር ያሰመረውን መስመር ስንዝር በስንዝር ትመረምር ነበር። በ120 ሜትር ወረቀት ላይ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ አንድ ጭረት ዓይኗን ያዘው። የሞተርም ሆነ የሌላ መሣሪያ የሬዲዮ ረብሻ እንዲህ ያለ ጭረት ያሳርፋልና ማለፍ ይቻል ነበር። እሷ ግን አላለፈችውም። ጭረቱ ሁልጊዜ ከአንድ የሰማይ አቅጣጫ ይመጣል፤ በየቀኑም አራት ደቂቃ ገደማ ይቀድማል። እንዲህ የሚቀድሙት ደግሞ ከዋክብት ናቸው። በኅዳር ወር የወረቀቱ ፍጥነት ሲጨመር ጭረቱ ተዘርዝሮ ታየ፤ በየ1.33 ሰከንዱ የሚመታ ምት ነበር።

የምቱ ምንጭ ፐልሳር የሚባል የኮከብ ዓይነት ነው። ግዙፍ ኮከብ ሲፈነዳ እምብርቱ ይታመቃል፤ ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላት ሉል ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። የሬዲዮ ጨረሩ ወደ እኛ በዞረ ቁጥር አንድ ምት እንሰማለን። በ1974 ለግኝቱ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለአማካሪዋ ለአንቶኒ ሂዊሽ ነው፤ የእሷ ስም አልተካተተም። ይህ ቅር ሊያሰኝ ይገባል። በ2018 ሌላ ሽልማት 3 ሚሊዮን ዶላር ሲያስገኝላት ገንዘቡን በሙሉ ዕድል ላጡ የፊዚክስ ተማሪዎች ሰጠች።

ዛሬ ከ3,000 በላይ ፐልሳሮች ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹም በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ናቸው። የአውስትራሊያው ባለ 64 ሜትር የፓርክስ ቴሌስኮፕ 13 የሰማይ ነጥቦችን በአንድ ጊዜ እያየ ባካሄደው አንድ አሰሳ ብቻ ከ800 በላይ አግኝቷል። አሁን በፍለጋው ቀዳሚው የቻይናው ባለ 500 ሜትር ቴሌስኮፕ ፋስት ነው።

ፍለጋውን የሚያከብደውም የሚረዳውም አንድ ነገር ነው። በከዋክብት መካከል የተበተኑ ኤሌክትሮኖች ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ይበልጥ ያዘገያሉ። አንዱ ምት፣ እኩል ተነሥተው ተራርቀው እንደሚገቡ ሯጮች፣ ተበታትኖ ይደርሳል። የመዘግየቱ መጠን አስቀድሞ ስለማይታወቅ ኮምፒውተሩ በሺህ የሚቆጠሩ ግምቶችን ይሞክራል፤ ምቶቹን አሰልፎ የማይዛነፍ ድግግሞሽ ይፈልጋል። የምድር ጫጫታ ያን ሁሉ መንገድ ስላልተጓዘ በአብዛኛው ሳይዘገይ ይገባል፤ የሚጋለጠውም በዚህ ነው። በቴርዛን 5 የከዋክብት ክምችት ውስጥ በሰከንድ 716 ጊዜ የሚዞረው ፐልሳር የተገኘው በእንዲህ ያለ ማጣራት ነው።

ከዚህም በኋላ ከሚቀሩት እጩዎች አብዛኞቹ የራዳርና የሳተላይት ምልክቶች ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ቴሌስኮፑ ወደዚያው የሰማይ ክፍል ዳግም ዞሮ ያንኑ ምት፣ በዚያው መዘግየት እስኪያገኝ ድረስ አዲስ ፐልሳር ተብሎ አይመዘገብም።