የሰሜን ጎንደር ሠርግ

የሰሜን ጎንደር ሠርግ በደባርቅ፣ በዳባትና በሊማሊሞ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚደገስ ባህላዊ የጋብቻ በዓል ነው። አካባቢው ከጎንደር ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። የዞኑ ዋና ከተማ ደባርቅም የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መነሻ ናት። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ ከሩቅ አገር የሚመጣ ተጓዥ ለአካባቢው ሰው አዲስ አይደለም። ተጓዡም በመንገድ መሪው፣ በጥበቃው ወይም በበቅሎ ነጂው በኩል ሠርግ ሊጠራ ይችላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ በተከሰተው ጦርነትና አለመረጋጋት የተጓዦች ቁጥር ቢቀንስም፣ ሳይጠራ የደረሰን ሰው «የእግዜር እንግዳ» ብሎ የማስተናገድ ልማድ ግን አለ።

ወቅቱ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በጾም ወራት ሠርግ አትፈቅድም። ስለዚህ ብዙው ሠርግ የሚደገሰው ከጥምቀት (ጥር 11) በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት ነው። ከትንሣኤ በኋላም የሚያገቡ አሉ። ጥር እህል የተሰበሰበበት፣ ለጠላ የሚሆን ገብስ የማይታጣበት፣ ዝናብም የሌለበት ወር ነው። የተራራ ተጓዦች የሚበዙትም በዚሁ በጋ ስለሆነ ሁለቱ ይገጣጠማሉ።

የውጭ አገር እንግዳን በመጀመሪያ የሚያሳስተው ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ከንጋት ስለሆነ፣ «በሦስት ሰዓት ና» የተባለ ሰው የሚጠበቀው በእሱ ሰዓት ከጠዋቱ 9 ላይ ነው።

ከሽማግሌ እስከ ቅልቅል

ጋብቻው የሚጀምረው የወንዱ ወገን ወደ ሴቷ ቤተሰብ ሽማግሌ በመላክ ነው። ሽማግሌዎቹ የሁለቱን ወገን ዝምድና፣ ለትዳሩ የሚሰጠውን ከብትና ንብረት፣ የሠርጉንም ቀን ይነጋገራሉ። ሙሽራው ለሙሽሪት የሚያመጣው ልብስና ጌጥ ጥሎሽ ይባላል። ትዳሩ በሽማግሌና በምስክር ፊት በውል የሚፈጸም ከሆነ የሰማንያ ጋብቻ፣ በቤተ ክርስቲያን ሙሽሮቹ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው የሚፈጸም ከሆነ ደግሞ የቁርባን ጋብቻ ይባላል። የቁርባን ጋብቻ በፍቺ ስለማይፈርስ በገጠር ከካህናት በቀር ብዙ ሰው በወጣትነቱ አይገባበትም ነበር።

በሠርጉ ቀን ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ በበቅሎ፣ በፈረስ ወይም በመኪና ወደ ሙሽሪት ቤት ይሄዳል። የሙሽሪት ወገኖች በሩን ይዘው በዘፈን «አናስገባም» ይላሉ፤ ሚዜዎቹም በዘፈንና በግፊያ ይገባሉ። ልማዱን ለማያውቅ ሰው ጠብ ይመስላል፤ ጨዋታ ግን ነው። ሙሽሪት ተሸፋፍና አንገቷን ደፍታ መቀመጧም ከሥርዓቱ አንዱ ነው። ከሠርጉ በኋላ ሙሽሮቹ ወደ ሙሽሪት ወላጆች ቤት የሚመለሱበት ግብዣ መልስ፣ ሁለቱ ወገኖች ተቀላቅለው የሚበሉበት ደግሞ ቅልቅል ይባላል። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ተገኝቶ የሚሄድ እንግዳ የሥርዓቱን ግማሽ እንኳ አላየም።

በዳሱ ውስጥ

ድግሱ የሚበላው በባሕር ዛፍ አጠና ተሠርቶ በቅጠል ወይም በሸራ በተሸፈነ ዳስ ውስጥ ነው። ካህናትና ሽማግሌዎች ከፍ ባለው ቦታ ይቀመጣሉ። እንግዳ ራሱ ቦታ አይመርጥም፤ አስተናጋጅ እስኪያስቀምጠው ይጠብቃል። ካህኑ ሳይባርክ የሚበላ የለም። ከተበላ በኋላ ሽማግሌ ሲመርቅ ሁሉም «አሜን» ይላል።

እንግዳው ሃይማኖቱን ቢጠየቅ ሊከፋው አይገባም። በአካባቢው ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙም ሙስሊም ያረደውን ሥጋ ስለሚበላ፣ የሌላው እምነት ጎረቤት የተጠራ እንደሆነ ለብቻው ይታረድለታል። ጥያቄው የሚቀርበው ሳያውቁ የማይበላውን እንዳያቀርቡለት ነው።

ባለቤቱ «በሞቴ» እያለ ምግብና ጠላ ይደጋግማል። መጀመሪያ እንቢ ማለት ይሉኝታ እንጂ እውነተኛ እንቢታ ተደርጎ አይወሰድም። በእርግጥ የበቃው ሰው ብርጭቆውን በእጁ ከድኖ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በቃኝ» ይላል። ጉርሻ የሚያጎርስ ሰው ክብር እየሰጠ ስለሆነ መቀበል መልካም ነው። ጥሬ ሥጋ ግን የኮሶ ትል ሊያስይዝ ስለሚችል በምስጋና ትቶ ወጥ ወይም ጥብስ መብላት ነውር የለውም።

አዝማሪ ካለ በማሲንቆው አዲሱን እንግዳ መጥቀሱ አይቀርም። ተጋባዡ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱም ተቀብሎ ያዜማል፤ የተሞገሰው ሰው ገንዘብ ይሸልማል። ለባለ ድግሱ የሚሰጠው ገንዘብ ግን ከዚህ ይለያል። «ብድር በምድር» እንደሚባለው ጎረቤት የሚያመጣው እንጀራ፣ ጠላ ወይም ገንዘብ በእሱ ድግስ ቀን የሚመለስ ነው። መንገደኛው ብድር የሚመለስበት ቀን ስለሌለው፣ መጠነኛ ስጦታውን በመንገድ መሪው በኩል ለቤተሰቡ ቢሰጥ ይበቃል። ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ መስጠት ባለቤቱን ያሳፍራል።

ቀደምት ተጓዦች

የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው አምስት ቅጽ መጽሐፉ ስለ ጥሬ ሥጋና ስለ ጎንደር ግብር የጻፈው አገሩ ውስጥ ብዙ ሰው ውሸታም እንዲለው አደረገ። በዚያው ጉዞ የኮሶን ዛፍና መድኃኒትነቱን ገልጿል። ከጽሑፉ በአውሮፓ ብዙ የተወራው ግን ስለ ዛፉ ያስተማረው ሳይሆን ስለ ግብሩ ያስደነቀው ነው። ዛሬም በሠርግ ላይ ፎቶ አንሥቶ የሚለጥፍ ተጓዥ ከብሩስ ጋር አንድ ጉዳይ ይጋራል፤ ባለ ድግሶቹ የተባለላቸውን አያዩም፣ መልስም አይሰጡም። ስለዚህ ከማንሣት በፊት ሙሽሮቹንና ወላጆቻቸውን ማስፈቀድ ይገባል።

ዕድሜና ሕግ

የአማራ ክልል ያለዕድሜ ጋብቻ በስፋት ከሚታይባቸው የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) እና የክልሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ለወንድም ለሴትም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርገዋል፤ የሁለቱንም ነጻ ፈቃድ ይጠይቃሉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባን ሰው ይቀጣል። ቅጣቱ ልጅቱ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ነው።

ይህ ለእንግዳው ቀላል ጉዳይ አይደለም። አንገቷን የደፋች ሙሽራ ሁሉ ተገድዳ አልተዳረችም፤ የሙሽሪት እንባ ከወላጅ ቤት የመለየት ልማዳዊ መግለጫም ነውና። ከልብሱ ሥር ያለችው ልጅ መሆኗ በግልጽ ከታየ ግን «ባህላቸው ነው» ብሎ ማለፍ ስለ አገሩ ባህልም ሆነ ስለ ሕጉ አለማወቅ ነው። ልማዱን በመቃወም ከሚናገሩት መካከል የዚያው አገር መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ካህናትና ራሳቸው ተማሪዎቹ ይገኛሉ። ጥርጣሬ ያደረበት ተጓዥ በዳሱ ውስጥ ከመጨቃጨቅ ወይም የልጅቱን ፎቶ ከማሰራጨት ይልቅ፣ ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ቢነግር ለእሷ ይጠቅማል።