እንግሊዝኛ በተረትና በሙግት

በአንዳንድ ክልሎች አንድ ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሳይንሱንም ሒሳቡንም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል። እንግሊዝኛን የሚያውቀው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በሚሰጠው አንድ ትምህርት ነው። ክረምቱ አልፎ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ግን ከአገር ውስጥ ቋንቋዎቹ በቀር መጻሕፍቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሆነው ይጠብቁታል። ማንም ቀስ ብሎ አላሻገረውም። እንዲህ እየተንገዳገደ አራት ዓመት ቆይቶ ማትሪክ ላይ ይደርሳል።

የ2014 ዓ.ም. ማትሪክ ውጤት ሲነገር አገር ደነገጠ። ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 5.4 በመቶ ከፍ አለ። ጥፋቱን ሁሉ እንግሊዝኛ ላይ መጫን አይቻልም፤ ጦርነቱ አለ፣ ኮቪድ አለ፣ ኩረጃ ለዓመታት ሸፍኖት የቆየው ገበናም አለ። ይሁንና የፊዚክሱም የባዮሎጂውም ጥያቄ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቅስ ምን ይፈይድለታል?

ጉዳዩ የቆየ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ይዞ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ሲፈለግ በአብዛኛው የሚታሰበው ከውጭ የሚመጣ ነገር ነው። በ1955 ዓ.ም. ሦስት መቶ ገደማ የሚሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አስተማሪዎች መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ። ብዙ ሰው እስካሁን በፍቅር ያነሣቸዋል፤ ግን በደርግ ዘመን ሄዱ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ፕላዝማ መጣ።

የፕላዝማን ነገር ያየ ያውቀዋል። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ክፍል ይታይ ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በማይያዝ ፍጥነት ያወራል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይታገሣል፤ ከዚያ ራሱ ይመልስና «ጎበዝ» ብሎ ያልፋል። ገና ጥያቄውን እየገለበጠ ያለው ተማሪ ማን ጎበዝ እንደተባለ አይገባውም። የክፍሉ መምህር ድርሻ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ መናገር ነበር። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ቋንቋ የሚለምደው ተናግሮ፣ ተሳስቶ፣ ተከራክሮ እንደሆነ የዘነጋ አሠራር ከዚህ የባሰ አይገኝም።

የሚገርመው ግን በዚያው ግቢ ውስጥ ሌላ እንግሊዝኛ አለ። በዕረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ሲከፈት ዜናና ቀልድ በእንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ይሰማል። ለወላጆች ቀን የድራማ ክበቡ አጭር ተውኔት ያዘጋጃል። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ የክፉ እንጀራ እናት ሆና መድረኩን ስትቆጣጠረው መምህሯ «ይቺ የኛዋ ናት?» ይላል። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። በዚያ ዕድሜ ከዜሮ ይልቅ የሚያስፈራው የጓደኛ ሳቅ ነው፤ በገጸ ባሕርይ አፍ የሚናገር ልጅ ግን ስሕተቱ የእሱ አይመስለውም። በዚያ ላይ ልምምድ አለ። አንድን ዓረፍተ ነገር ደብተር ላይ ሃያ ጊዜ ጻፍ ቢባል ቅጣት ነው፤ ለመድረክ ሃያ ጊዜ ቢለው ግን አይሰለቸውም።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳም አይደለም። ጸሐፌ ተውኔቱ ጸጋዬ ገብረ መድኅን አምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ ተውኔት ጽፎ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታይቶለታል። በኋላ በእንግሊዝኛ የጻፈው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። በርዕሱ ላይ ያለው ኦዳ የሚባለው ዛፍ የኦሮሞ ነው፤ ለእንግሊዝኛው ሲል ከአገሩ አልወጣም።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ያስተማረችው ብሪታኒያዊት ደራሲ ኤልሳቤጥ ሌርድም ይህ የገባት ትመስላለች። ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር በየክልሉ እየዞረች ከተረት አዋቂዎች አፍ ተረት ሰበሰበች፤ ከተረቶቹም በቀላል እንግሊዝኛ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጁ። ልጁ ታሪኩን ከአያቱ ሰምቶታል። ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል፤ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ታሪኩ ይመራዋል። ስለ ለንደን ባቡር የሚያወራ ምንባብ እንዲህ ያለ ድጋፍ አይሰጠውም።

እኔ ግን ከተረትም ይበልጥ ተስፋ የምጥለው በሙግት ላይ ነው። ተጠየቅ ልጠየቅ፣ በላ ልበልሃ እየተባባሉ ዳኛ ፊት የመሟገት ባህል አለን። አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ይሁን፦ የአንዱ ፍየል የጎረቤቱን ማሳ በላች። ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ምስክሮችና ሽማግሌዎች ይመረጡ፤ የቀረው ክፍል ሸንጎ ይሁን። ፍየሏ ስትገባ የት ነበርክ? አጥሩን ማን ከፈተው? መምህሩ ለሳምንታት ሰሌዳ ላይ የጻፈው ያለፈ ጊዜ ግሥ ሳይጠሩት ይመጣል። በድሮው ሙግት ተሟጋቾች በማርና በበቅሎ ይወራረዱ ነበርና ውርርዱም ይግባ፤ «ከተረታሁ በቅሎ እሰጣለሁ» ያለ ተማሪ ሲያስጨንቀው የከረመውን «ኢፍ ክሎዝ» ተናገረው ማለት ነው። ለማንበብ ለበረቱት ደግሞ የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» አለ። ጎጆ ተቃጥሎ የመንደሩ ሰው ጥፋተኛውን በአፈርሳታ ሲያፈላልግ የሚያሳይ፣ ኢትዮጵያዊ በእንግሊዝኛ የጻፈው ልቦለድ ነው።

«ስልሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ድራማ ይሠራል?» የሚለው የመምህራን ጥያቄ ተገቢ ነው። ግን ስልሳ ሰው ለሸንጎ አይበዛም፤ የሚበዛው ለሰዋስው ማብራሪያ ነው። የእንግሊዝኛ ዘፈን ከፍቶ ክፍለ ጊዜውን መግደልም ጥበብ አይባልም። ልጆቹ ያንን በስልካቸው ከበቂ በላይ ያገኙታል። ዋናው ማነቆ ፈተናው ይመስለኛል። ማትሪኩ የሚለካው ከምርጫዎች መልስ መለየትን ነው፤ ስለዚህ መምህር በመጋቢት ድራማ አሠራለሁ ቢል የሚቃወሙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ «ዎርክሺት ስጠን» ይሉታል። አልፈርድባቸውም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለታችኞቹ ክፍሎች የክወናና የዕይታ ጥበባት ትምህርት አስገብቷል፤ ጥሩ አድርጓል። ሆኖም ጥበቡ በአንድ መምህር፣ እንግሊዝኛው በሌላ መምህር ተይዘው እንደማይተዋወቁ ጎረቤቶች ይኖራሉ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ሁለቱ መምህራን በወር አንድ ጊዜ አብረው ቢያስተምሩ የዘጠነኛ ክፍሉ ድንጋጤ ይቀንስ ነበር። ለዚህ አዲስ በጀትም የውጭ ባለሙያም አያሻም።

ትምህርት ሚኒስቴር ማትሪኩን ነገ ይቀይር አልልም። ርዕሰ መምህራን ግን የተከታታይ ምዘናው በእጃቸው ነው። ከእንግሊዝኛው መቶ ነጥብ አሥሩን ለመድረክ ንግግርና ለሙግት መመደብ ይችላሉ፤ ነጥብ ካለው ተማሪው ይሠራዋል። ወላጆችም በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ይህንን ይጠይቁ።